«ተክሊሉ እዚህ፣ ፊርማው ጀርመን» ይሆናል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«የምኖረው ለገጣፎ ነው። እጮኛዬ ጀርመን አገር መኖር ከጀመረ ቆይቷል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ ፓስፖርቱ ግን አሁንም የኢትዮጵያ ነው። በጥር መጨረሻ ለሦስት ሳምንት መጥቶ በተክሊል ልንጋባ ቤተሰብ ተስማምቷል። እሱ ‹ቤተ ክርስቲያኑን እዚህ እንጨርስ፣ ሕጋዊውን ፊርማ ስትመጪ ጀርመን ማዘጋጃ ቤት እናደርገዋለን፤ አውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አይቆጠርም፣ እስከዚያ በወረቀት ያላገባን ነን› ይላል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹የቄሱ ወረቀት ይበቃል፣ እኛ በዚያው አልቆልናል› ትላለች። እናቴ ሁለት ጊዜ ማግባት ነውር ነው ብላ ተጨንቃለች። ማን ነው ልክ?»

ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የእጮኛሽ ሐሳብ ግን እንዳለ ከተተገበረ ቪዛው በር ላይ የሚያስቀርሽ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«እስከዚያ ያላገባን ነን» የሚለው ስህተት ነው። በኢትዮጵያ ሕግ በተክሊል የተጋባ ሰው ያገባ ሰው ነው፣ ከዚያው ጠዋት ጀምሮ። ተሻሽሎ የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ጋብቻ በሦስት መንገድ እንደሚፈጸም ይናገራል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል ሥርዓት። ሦስቱም እኩል ናቸው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስቱንም ተቀብሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ በሃይማኖትና በባህል ለሚፈጸም ጋብቻ በሕግ ዕውቅና የሚሰጥበትን በር ከፍቷል። ስለዚህ ቄሱ ዘውዱን ደፍተውላችሁ፣ ቆርባችሁ ከወጣችሁ በኋላ «ገና ነን» የሚል ነገር የለም። ጎረቤትሽ ቤት በኒካህ የተጋቡትም፣ ገጠር ያሉት ዘመዶችሽ በሽማግሌ ፊት የተጋቡትም እንዲሁ ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው ምዝገባውን ከጋብቻው ጋር ስለሚያምታታ ነው። በሃይማኖት ወይም በባህል ስትጋቢ ወረዳው የሚያደርገው ያለቀውን ነገር መመዝገብ ነው። ሕጉ በየትኛውም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ ይመዝገብ ይላል፤ የወሳኝ ኩነት አዋጁ፣ ቁጥር 760/2004፣ ለዚህ 30 ቀን ሰጥቷል። ባይመዘገብ ጋብቻው አይፈርስም። የሚቸግረው ማስረጃው ነው። ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንደ ባልና ሚስት አብረው እንደኖሩ፣ ቤተሰብና አካባቢው በዚያ እንደሚያውቃቸው በምስክር ሊያስረዳ ይችላል። ሃያ ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው ይህ ጥሩ መንገድ ነው። እናንተ ግን ከሠርጋችሁ በኋላ አብራችሁ የምትቆዩት ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ምን ብላችሁ ምስክር ትጠራላችሁ? በዚያ ላይ የኤምባሲ መስኮት ምስክር አይሰማም፣ ወረቀት ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ። እጮኛሽ «የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አይቆጠርም» ሲል ጀርመን ውስጥ ስለሚፈጸም ጋብቻ ከሆነ ልክ ነው። እዚያ የሚያጋባው ስታንደስአምት የሚባለው የክብር መዝገብ ቢሮ ብቻ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1876 ጀምሮ በመላው አገሪቱ እንዲህ ነው። ነገሩ የመጣው የያኔው የጀርመን መሪ ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር በነበረው ትግል ነው፤ መንግሥት የጋብቻን መዝገብ ከቀሳውስት እጅ ወሰደ። እንዲያውም እስከ እ.ኤ.አ. 2008 መጨረሻ ድረስ ስታንደስአምት ሳይሄዱ ቤተ ክርስቲያን መጋባት ራሱ ክልክል ነበር። ከ2009 ወዲህ ክልከላው ተነሥቷል፣ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ብቻውን በሕግ ፊት ዛሬም ምንም አያስከትልም።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚስተው። ጋብቻ በመልኩ፣ ማለትም በአፈጻጸም ሥርዓቱ፣ የሚዳኘው በተፈጸመበት አገር ሕግ ነው፤ የጀርመን ሕግም ውጭ አገር የተፈጸመን ጋብቻ ሲያይ ይህንን ይቀበላል። ለገጣፎ የተፈጸመ ተክሊል በኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻ ስለሆነ ጀርመንም እንደ ጋብቻ ሊቀበለው ይገባል። ያንኑ ተክሊል፣ ያው ቄስ፣ በያው ቅዳሴ ፍራንክፈርት ላይ ቢፈጽሙላችሁ ግን ለጀርመን መንግሥት ያላገባችሁ ናችሁ። የቄሱ ቅድስና አልተለወጠም፣ የቆማችሁበት መሬት ነው የተለወጠው። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 5 ተመሳሳዩን ይላል፤ ውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ እዚህ የጸና ነው።

ለዚህ ነው «ውጭ አገር እንዲህ ነው» የሚለውን ወሬ የማልወደው። ውጭ አገር አንድ አገር አይደለም።

ፈረንሳይን እዪ። ከአብዮቱ ጊዜ፣ ከ1792 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያጋባው መንግሥት ብቻ ነው። ከንቲባው ወይም ምክትሉ ባለ ሦስት ቀለም መቀነቱን ታጥቆ፣ በሩ ክፍት በሆነ አዳራሽ፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ መተማመን፣ ስለ መረዳዳትና ልጅ ስለ ማሳደግ የሚናገሩትን አንቀጾች ያነብላችኋል። ምስክሮቹ ከ2 አያንሱም፣ ከ4 አይበልጡም። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ ነው። የማዘጋጃውን ወረቀት ሳያይ ማጋባትን ልማድ ያደረገ ቄስ ወይም ኢማም እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 7,500 ዩሮ ቅጣት ይጠብቀዋል። ቤልጂየምና ሆላንድም መጀመሪያ ማዘጋጃ ይላሉ፤ ቤልጂየም እንዲያውም በሕገ መንግሥቷ ጽፋዋለች። ቱርክ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጋዊው ጋብቻ የመንግሥት ነው፤ በ2017 ግን የማዘጋጃውን ጋብቻ ሙፍቲዎችም እንዲፈጽሙ ፈቀደች።

ጣሊያን ሌላ ነው። መንግሥትና ቫቲካን በ1929 እ.ኤ.አ. ባደረጉት፣ በ1984 ባሻሻሉት ስምምነት የካቶሊክ ቄስ ያጋባው ጋብቻ ወደ መንግሥት መዝገብ ሲገለበጥ ሕጋዊ ውጤት ያገኛል። ሥርዓቱ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጾች የሚያነቡት ራሳቸው ቄሱ ናቸው። ፓሪስ ላይ ምክትል ከንቲባው የሚያነበውን ሮም ላይ ቄስ ሲያነቡት አስቢው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ብትጋቢም መጀመሪያ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር አለመኖሩን የሚያጣራልሽ የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሕዝብ መዝገቡ እሱ ዘንድ ስላለ። የሚሰጥሽ ወረቀት 4 ወር ያገለግላል።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ይወሳሰባል። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ያጋባው በዚያው ሕጋዊ ነው። የሌሎች እምነቶች ቦታ ግን ለጋብቻ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ወይም መዝጋቢ መገኘት አለበት። የመንግሥቱ ሥርዓት ላይ ደግሞ መዝሙርና መጽሐፍ ቅዱስ አይገባም። ለሙስሊም አንባቢዎች ይህን በተለይ እላለሁ፤ እዚህ ኒካህ ሙሉ ጋብቻ ነው፣ ለንደን ላይ ግን በመኖሪያ ቤት ወይም በአዳራሽ የተደረገ ኒካህ ብቻውን በሕግ ጋብቻ እንዳልሆነ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ይህን ባለማወቅ የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው፤ ሲለያዩ የንብረት ጥያቄ የሚያነሡበት በር ይዘጋባቸዋል።

ተቃራኒውም አለ። ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩባት ሊባኖስ ውስጥ የመንግሥት ጋብቻ የሚባል ሕግ የለም። ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ የቤተሰብ ጉዳይ የየሃይማኖቱ ነው፣ በሕግ የታወቁት ማኅበረሰቦችም 18 ናቸው። እስራኤልም ከዚያው ዘመን በወረሰችው ሥርዓት አገር ውስጥ የሚያጋቡት የሃይማኖት ተቋማት ናቸው። ስለዚህ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች ከሁለቱም አገር ቆጵሮስ ሄደው በመንግሥት ሥርዓት ተጋብተው ይመለሳሉ፣ አገራቸውም ያንን ጋብቻ ይመዘግባል። የጋብቻ መልክ በተፈጸመበት ቦታ ይዳኛል ያልኩሽ ይኸው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አምስት ዓይነት ጋብቻ ታውቃለች፤ የክርስቲያን፣ የመንግሥት፣ የባህል፣ የሂንዱና የእስልምና። ከእኛ የሚቀርበው ይህ ነው። ጃፓን ደግሞ ሥርዓትም አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክር የፈረመበት ቅጽ ለማዘጋጃ ቤት ስታስገቢ አገባሽ፣ ሠርጉ የራስሽ ጉዳይ ነው።

ወደ አክስትሽ ልመለስ። እሷ የኖረችበትን ነው የምትናገረው። አሜሪካ ውስጥ ቄስም ሆነ ዳኛ ግዛቱ ከፈቀደለት ማጋባት ይችላል፣ ሁለት ሥርዓት አያስፈልግም። ግን «የቄሱ ወረቀት ይበቃል» ስትል አንድ ነገር ዘልላለች። ከሠርጉ በፊት ከካውንቲው የጋብቻ ፈቃድ አውጥተዋል። ሜሪላንድ ከሆነ ፈቃዱ ሥራ ላይ የሚውለው ከ48 ሰዓት በኋላ ነው፣ 6 ወርም ያገለግላል፤ ቨርጂኒያ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። ቄሱ ያንን ፈቃድ ፈርመው መልሰዋል። ሕጋዊ ያደረጋቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቆንጆ ሰርተፊኬት ሳይሆን ያ ፈቃድ ነው። የእሷ ታሪክ ለአንቺ አይሠራም።

አሜሪካን ካነሣሁ አይቀር፣ በእጮኛ ቪዛ ለሚጠብቁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእጮኛ ቪዛ ላላገባ ሰው ነው፤ ገብቶ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያገባ። እዚህ ተክሊል ወይም ኒካህ አድርጎ፣ ቪዲዮውን ዘመድ ሁሉ ተቀባብሎት፣ ከዚያ «እጮኛዬ ናት» ብሎ መቅረብ ፋይሉን ያበላሻል። ሽማግሌ መላክና ቀለበት ማሰር ጋብቻ አይደለም፣ ያ ችግር የለውም። ካባ ለብሳችሁ ከቤተ ክርስቲያን የወጣችሁበት ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው።

የእናትሽ ጭንቀት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ሁለት ጊዜ ማግባት አያስፈልግም። እዚህ ተጋብታችሁ ስታንደስአምት ስትቀርቡ የሚጠይቋችሁ የመጀመሪያው ነገር «አግብታችሁ ታውቃላችሁ?» የሚል ነው። አላገባንም ካላችሁ ዋሻችሁ። አግብተናል፣ እርስ በርሳችን ካላችሁ «ታዲያ ለምን መጣችሁ? የጋብቻ ማስረጃችሁን አምጡ» ይሏችኋል። ማስረጃው ከሌለ ወደ ለገጣፎ ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ገደል የሚገባው። «ጀርመን እንፈርማለን» ያለ ሰው ለዚያ የሚያስፈልገውን «ያላገባ ማስረጃ» ከወረዳ ያወጣል። ወረዳው መዝገቡ ላይ ጋብቻ ስለሌለ ይሰጣል። ወረቀቱ እውነተኛ ማህተም አለው፣ ይዘቱ ግን ሐሰት ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ከሳምንት በፊት በተክሊል ተጋብቷል። ኤምባሲ ሰነድ ያጣራል። ሠርጉን የሚያውቀው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም፣ ሌላው ሰነድሽ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ከተክሊሉ በኋላ ያላገባ ማስረጃ እንዳታወጪ። እሱም እንዳያወጣ። ደላላ «ችግር የለውም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ቢልሽ እንኳ።

ያሉሽን መንገዶች ላስቀምጥልሽ። አንደኛው፣ እዚህ መጀመሪያ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባት፣ ቀጥሎ ተክሊል። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ሁለታችሁም በየግላችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ፣ በድምሩ 4፣ ትቀርባላችሁ። ግን ሕጉ መጋባታችሁን ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ለሹሙ አሳውቁ ይላል፣ ማስታወቂያም ይወጣል፣ የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ። ለሦስት ሳምንት ለሚመጣ ሰው ይህ ይጠባል። ቀደም ብሎ መምጣት ከቻለ ወይም ቢሮው ማስታወቂያውን ቀደም ብሎ የሚቀበልበት መንገድ ካለ ብቻ ነው የሚሆነው። በውክልናስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጋብቻ በውክልና አይፈጸምም፤ ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በስተቀር ሁለታችሁም በአካል ትገኛላችሁ። የበዓል ዕረፍት ማጠር ከባድ ምክንያት አይባልም። በስልክ ቪዲዮም አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ሳትጋቡ ጀርመን ሄዶ መጋባት። ለዚህ የሚሰጥ ቪዛ አለ። እሱ እዚያ ስታንደስአምት ጉዳዩን ያስጀምራል፣ ከአንቺ ያላገባ ማስረጃና የልደት ማስረጃ ይፈለጋል። ጀርመን የውጭ ዜጋ ለማግባት ብቁ መሆኑን ከአገሩ መንግሥት የሚያረጋግጥ ሰነድ ትጠይቃለች፤ ያ ሰነድ ከማይሰጥበት አገር ለመጣ ሰው በአካባቢው የበላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በኩል ከግዴታው ነፃ መደረግ አለ። የሚያዋጣ መንገድ ነው፣ ግን ተክሊሉ እስከዚያ ይጠብቃል። ቤተሰብሽ በጥር ድንኳን ሊጥል ተዘጋጅቷል፣ ስለዚህ ለእናንተ አይመስለኝም።

ሦስተኛው፣ እኔ አድርጊው የምልሽ፣ ተክሊሉን እዚህ ፈጽማችሁ እሱ ሳይመለስ እዚሁ ማስመዝገብ ነው። ከዚያ በያዛችሁት የጋብቻ ሰርተፊኬት እንደ ሚስት የቤተሰብ ቪዛ ትጠይቂያለሽ። ጀርመን ሌላ ፊርማ አያስፈልጋችሁም። ሠርጉ ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው የሚሆነው፤ መልሱ ባለፈ ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ የተሰጣችሁን ማስረጃ፣ መታወቂያችሁን፣ ፎቶና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ። 30 ቀን አለን ብላችሁ አትዘናጉ፣ የእሱ የአውሮፕላን ትኬት 30 ቀን አይጠብቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ብቻሽን ሄደሽ «ባሌ ውጭ ነው» ብትዪ ይመልሱሻል።

የት ነው የምትመዘገቢው? እዚህ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህ ትንሽ ያደናግረናል። ለገጣፎ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው፣ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ነው። አያት ወይም ሲኤምሲ ከተሻገርሽ አዲስ አበባ ገባሽ። ከላይ የጠቀስኩት የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። እሱም የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ስለሚቀበል ተክሊልሽ አይጎድልበትም። የሚያስቸግረው መታወቂያው ነው። ቤታችን ለገጣፎ፣ መታወቂያችን ግን ከድሮ ሰፈር ሳይዛወር የቀረ ስንት አለን? የአንቺም እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክዪ። መታወቂያሽ ያለበት ቢሮ ሄደሽ ሠርጋችን እዚህ ቦታ ነው፣ የት ነው የምታስመዘግቡን ብለሽ ከአሁኑ ጠይቂ። ከሠርጉ በኋላ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለሱ ሳምንቱ ያልቃል። በመንግሥት ሥርዓት መጋባት ከመረጣችሁ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ከሁለታችሁ አንዳችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ ወይም ከቅርብ ዘመዶቻችሁ አንዱ፣ ቢያንስ 1 ወር በተከታታይ የኖረበትን ቦታ ሹም ይቀበላል።

ቤተ ክርስቲያኑም የራሱ ጥያቄ አለው። ተክሊል ስትሉ የንስሐ አባታችሁ ያውቁታል፣ ሥርዓቱም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ከውጭ ለሚመጣ ሙሽራ ብዙ አጥቢያ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሌላም ይጨምራል። ይህን ወረቀት ከሠርጉ በፊት ማውጣት ፍጹም ትክክል ነው፣ ያን ጊዜ በእውነትም አላገባችሁም። አቆጣጠሩን ደግሞ ልብ በሉ፤ የጥር መጨረሻ ካመለጠ ዐቢይ ጾም ደርሶ ለ55 ቀን ተክሊል የለም፣ ቀጥሎ ያለው ከፋሲካ በኋላ ነው። የእሱ ዕረፍት ከዚያ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ የምትቀበሉትን ወረቀት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀኑ፣ ማህተሙ፣ የቄሱና የምስክሮቹ ፊርማ። የእኛ ሰነድ በብዛት የሚወድቀው በትንንሽ ነገር ነው። የስምሽ የላቲን አጻጻፍ ፓስፖርትሽ ላይ ካለው በአንዲት ፊደል ቢለይ ጀርመን ያለው ሰው ሁለት ሰው ነው ብሎ ያስባል። ቀኑም እንደዚያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ወደ ፈረንጅ የቀየረው ሰው ከተሳሳተ ሠርጋችሁ እሱ ከመምጣቱ በፊት የተደረገ ይመስላል፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የመግቢያ ማህተም ደግሞ ይመሰክርባችኋል። ስምሽን ደግሞ በባልሽ ስም ልቀይር ብለሽ አትነካኪው። እኛ ጋ ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው፣ ያ ለጀርመንም ችግር አይደለም።

ሰርተፊኬቱ እጃችሁ ሲገባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ኤምባሲው በሚቀበለው ተርጓሚ ይተረጎማል። ኤምባሲው ሰነዱን በራሱ መንገድ ሊያጣራ ስለሚችል ጊዜ ይወስዳል። ይህን ጊዜ በከንቱ አትጨርሺው፤ ለቤተሰብ ቪዛ በመርህ ደረጃ መነሻ ጀርመንኛ፣ ኤ1 የሚባለው ደረጃ፣ ይጠየቃል። አንዳንድ ዓይነት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሚስቶች ከዚህ ነፃ ናቸው፤ የእጮኛሽ ፈቃድ ምን እንደሆነ ጠይቂው። ነፃ ካልሆንሽ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ትምህርቱም ፈተናውም አለ፣ ሠርጉን ሳትጠብቂ ጀምሪ።

የፈቃዱን ዓይነት ካነሣን፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እጮኛሽ የመኖሪያ ፈቃዱን ያገኘው በጥገኝነት ከሆነ ትኬት ከመቁረጡ በፊት እዚያው ጀርመን ያለ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ያማክር። አገሬ ብመለስ አደጋ አለብኝ ብሎ ከለላ ያገኘ ሰው ሠርጉን ለማድረግ ኢትዮጵያ ቢገባ ከለላው ሊነሣበት ይችላል። ያ ከሆነ ያልኩሽ ሁሉ ከሥሩ ይናጋል፤ ሠርጋችሁም በሌላ አገር፣ በዚያ አገር ሕግ መታሰብ ይኖርበታል። በሥራ ወይም በትምህርት የተሰጠ ፈቃድ ከሆነ ይህ ስጋት የለም። ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂው፣ ወረቀቱንም እዪው። እህቴ፣ ለማግባት ያሰብሽውን ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ማየት ነውር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ንብረት። ጋብቻችሁ ከተክሊሉ ቀን ጀምሮ የጸና ስለሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ የምታፈሩት የጋራ ነው፣ የሚመዘገበው በማንም ስም ይሁን፤ የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። እጮኛሽ ለገጣፎ ላይ ከሠርጉ በፊት ቤት ወይም ቦታ ገዝቶ ከሆነ፣ ወይም አንቺ በስምሽ ያለ ኮንዶሚኒየም ካለሽ፣ ግልጽ አድርጉት። የጋብቻ ውል የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው፤ በጽሑፍ ይሆናል፣ 4 ምስክርም ይፈርምበታል፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት። ቀኑ ካለፈ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ስለዚህ ውሉን ከፈለጋችሁት ሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆርጡ አብሮ ይነሣ፣ የሚዜዎቹ ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ይፈረም።